በሩ ላይ የተለጠፈው መጥሪያ

«ወንድሜን ያባረረችው እሷ ናት! እሱም ፍርድ ቤት ገተራት። ማኅተም ያለበት ወረቀት በሯ ላይ ተለጥፎ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

የልጅቷ እናት አክስት ስለ ልጅቷ አያት ይህን ለሠርግ ተጠርታ ትለዋለች፣ ለለቅሶ መጥታም ትለዋለች። ሰሚ ቢሰለች እሷ አልሰለቸችም። ልጅቷን ያንገበገባት ግን የአክስትየዋ ምላስ ሳይሆን የእናቷ ዝምታ ነበር። እናቷ ያለ አባት ያደገችው በገዛ እናቷ ጥፋት ነው ብላ አምናለች። አሮጊቷን በጓዳው ክፍል ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ታገላብጣታለች፤ «እማዬ» የሚለው ቃል ግን ካፏ አይወጣም። «ሴትዮዋ በላች?» ነው የምትለው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ የሳምንታት ነገር ነው» ካለ ወዲህ ነገሩ ልጅቷን መቀመጫ አሳጣት።

ልጅቷ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምትሠራው። የሰው ሰነድ ስታባዛ እያነበበች፣ የፍርድ ቤቱን ቋንቋ ያለ አስተማሪ ለቃቅማ ይዛዋለች። በምሳ ሰዓቷ የአያቷን ክስ ፍለጋ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት መመላለስ ከጀመረች ወሯ ነው።

«የኔ እህት፣ አያትሽ ተከሳ አታውቅም» አላት ሽማግሌው መዝገብ ያዥ። «ሦስት ጊዜ አገላብጬልሻለሁ።»

«አራተኛውን እኔ ላገላብጥልዎት? ጣትዎ ደክሟል።»

«ምላስሽ ግን ደህና ነው» አለና እየሳቀ አስገባት።

መደርደሪያው ሥር ቁጢጥ እንዳለች ነገሩ ብልጭ አለላት። የአክስትየዋን ወሬ አምና ወር ሙሉ ከተከሳሾች ዝርዝር ስታስስ ከርማለች! ራሷን «አንቺ ደደብ» ብላ ሰደበችና የአመልካቾቹን ጥራዝ ሳበች።

አያቷ እዚያ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሥራዋ ልብስ መተኮስ። «ባሌ ነፍሰ ጡር እያለሁ ጥሎኝ ከጠፋ አራት ዓመት ሆነው፤ መጥፋቱን ፍርድ ቤቱ ይወቅልኝ» ትላለች። ፍርድ ቤቱም ለጠፋው ባል መጥሪያ አወጣ። የጠፋ ሰው መጥሪያ የሚለጠፈው መጨረሻ በኖረበት ቤት በር ላይ ነው፤ እሱ መጨረሻ የኖረው ደግሞ ከእሷው ጋር። የሰፈሩ ሰው ማኅተሙን አየ እንጂ ጽሑፉን ማን አነበበ!

ከዚያ በኋላ ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፦ «አመልካች ቀርባለች፤ ተጠሪ አልቀረበም።» አሥራ አንድ ቀጠሮ። በሰባተኛው ላይ ጸሐፊው አንድ ነገር ጨምሯል፦ «ልጇን ትኩሳት ስለያዛት አዝላት ቀርባለች።»

ልጅቷ አንብባ ቀና አለች። ከዚህች ሴት ዘር በመሆኗ ቁመቷ የጨመረ መሰላት።

እናቷ ቅጂውን ኩሽና ውስጥ እንደቆመች አነበበችው። ጣቷ ሰባተኛው ቀጠሮ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ወረቀቱን እንደያዘች ወደ ጓዳው ገባች፤ ልጅቷም ተከተለቻት።

«ያዘልሽው እኔን አይደል? ለምን አልነገርሽኝም?»

አሮጊቷ ወረቀቱን አየት አድርጋ ምን እንደሆነ አወቀችው።

«ለጎረቤትማ ምን ልናገር፣ ሁለት ወር በሩ ላይ ነበር፤ ማንበብ የቻለ ያንብበው።»

«እኔስ?»

«አንቺንማ…» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ገና ሳትወለጂ አባትሽ ጣለሽ ልበልሽ? ከሚጥልሽ አባትማ የተባረረብሽ ይሻላል ብዬ ነው። ጥላቻሽን እኔ እችለዋለሁ፤ ትከሻዬ ሰፊ ነው።»

«እማዬ» አለች እናቷ። ጎንበስ ብላ የአሮጊቷን ቀዝቃዛ እግር በሁለት እጇ ታሽ ጀመር። «እማዬ፣ ሞቀሽ?»

«ጠበቅ አርጊው እንጂ፣ እንደ እንግዳ አትንኪኝ!»

አሥራ ዘጠኝ ቀን እንዲህ «እማዬ» ስትባል ቆይታ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት መዝገብ ያዡ ደወለ። በሌላ ሰው ፋይል ውስጥ በስህተት የገባ፣ ያኔ ከሌላ ከተማ ሆስፒታል ለፍርድ ቤቱ የተላከ የሞት ማስረጃ አግኝቷል። የአያቷ ባል የሞተው፣ እሷ ማመልከቻዋን ካስገባችበት ቀን ሰባት ወር ቀደም ብሎ ነበር።