ያልታሰረው ሽቦ

አባትየው ጡረታ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የጠፋበት የሰው ስም ነበር። ቀጥሎ ቀኑ ይምታታበት ጀመር፤ ጫማውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጦ ቤቱን ሁሉ ሲያምስ የዋለበት ጊዜም አለ። ልጁ በዚያን ጊዜ ትስቅ ነበር፤ እሱም አብሯት ይስቅ ነበር። ነገሩ እንደ ውሃ እያሳሳቀ የሚወስድ መሆኑን የነገራት ሐኪሙ ነው። "መድኃኒቱ ትንሽ ቢያዘገየው ነው እንጂ አይመልሰውም" አላት፣ ፊቷን ላለማየት የእስክሪብቶውን ክዳን እየከፈተ እየዘጋ።

ሞተር ግን አልጠፋበትም። ዕድሜውን የጨረሰው በአንዲት ትንሽ የበረራ ትምህርት ቤት ሃንጋር፣ አውሮፕላን በሚጠገንበት አዳራሽ ውስጥ፣ ባለ አራት ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተሮች ሲፈታና ሲገጥም ነው። ልጁንም መካኒክ ያደረጋት እሱ ነው፤ አሁን እዚያው ሃንጋር ትሠራለች። እራት ላይ ጣቱን በጠረጴዛው ጠርዝ ከፍ ዝቅ እያደረገ፣ "ፒስተኑ ወርዶ አየርና ነዳጅ ይስባል። ወጥቶ ያምቀዋል። ካንዴላው እሳት ሲሰጠው ተወንጭፎ ይወርዳል። ተመልሶ ጭሱን ያስወጣል። በቃ! ሰው ነው የሚያካብደው" ይላል። ከዚያ ዳቦ እንድታቀብለው ሊጠራት ይልና፣ "አንቺ..." ብሎ ይቆማል። ስሟን ፈልጎ ሲያጣው ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት ይታያል፤ ሳይጨርስ ዳቦውን ታቀብለዋለች።

አንድ ቀን የጥገና ክፍሉን አለቃ ለመነችው። "ሃንጋሩ ውስጥ ጥግ ይዞ ይዋልልኝ። ቤት ብቻውን ሲሆን ነው የሚብስበት።"

አለቃው ሙያውን ከአባቷ የተማረ ነው። እምቢ ለማለት አንደበቱ አልታዘዝ አለው። "ጋሼ ይምጡ፣ ችግር የለም። መፍቻ ብቻ እንዳይጨብጡ።"

"እኔ እያለሁ ምን ይሆናል?" አለች።

አባትየው የተተኮሰ ቱታውን ለብሶ መምጣት ጀመረ። እንደ እንግዳ ተቀምጦ የዋለው መጀመሪያ ሰሞን ብቻ ነው። ውሎ አድሮ የአብራሪነት ተማሪዎቹ ይከቡት ጀመር።

"ማግኔቶ ባትሪ አይለምንም" ይላቸዋል። "ሞተሩ ሲዞር ውስጡ ያለው ማግኔት አብሮ ይዞርና እሳቱን ራሱ ይፈጥራል። ማግኔቶው ሁለት ነው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደርም ሁለት ካንዴላ አለው። አንደኛው ሰማይ ላይ ቢሞትባችሁ ሌላው ይዟችሁ ይገባል።"

"ታዲያ ባትሪ ካልፈለገ በምን ይጠፋል?" አለች አንዷ ተማሪ።

"ይኸውልሽ፣ ማግኔቶ እንደ አማት ነው። ዝም በይ ብትያት ዝም አትልም፤ አፏን መያዝ ነው! ቁልፉን ስታጠፊው አንዲት ቀጭን ሽቦ ማግኔቶውን ከሞተሩ አካል ጋር ታገናኘዋለች፤ እሳቱ እዚያው ይቀበራል። ያቺ ሽቦ ከተፈታች ግን ቁልፉን ኪስሽ ብትከቺውም ሞተሩ አይጠፋም፤ ከፊት ያለውን ፕሮፔለር በእጅሽ ብታዞሪው እንኳ እሳት ይሰጣል።"

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ልጁ ከክንፉ ሥር ሆና ስትሰማው የልብ ልብ ተሰማት። ሐኪሙ ተሳስቶ ይሆናል እስከማለት ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ቀላል ቀላሉን ሥራ ትሰጠው ጀመር፤ ቅባት መጥረግ፣ ክዳን መወልወል። እሱ የነካውን ሁሉ ደግሞ ተከትላ ታያለች።

የዚያን ዕለት ከበረራ የተመለሰች አውሮፕላን ሞተሯ ገና ሳይቀዘቅዝ ገባች። ልጁ ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ዘይት እንዲጠርግ ጨርቅ ሰጠችውና፣ ዕቃ መጥቷል ተብላ ስለተጠራች ወደ በር ሄደች። ስትመለስ አባቷ ቦታው ተቀምጧል። የሞተሩ ጀርባ እንደ መስታወት ያበራል። "እጅህ ይባረክ አባዬ" አለችው። የጠበቁትን ብሎኖች አየች። የማግኔቶዋን ሽቦ ግን አላየችም፤ ማን ይነካታል ብላ።

አንደኛው ሲሊንደር እምቅታው ደክሟል ተብሎ ነበርና በእጇ ልትመዝነው ፕሮፔለሩን ያዘች። ቁልፉ ኪሷ ውስጥ ነው። ቀስ ብላ ገፋችው። ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረችው ጥቂት ነዳጅ እሳት አገኘች። ሞተሩ አንድ ጊዜ ብቻ ጓ አለ። ፕሮፔለሩ ዞሮ ቀኝ እጇን መታው።

ከሁሉም ቀድሞ የደረሰላት አባቷ ነው። ቀበቶውን ፈትቶ ከክርኗ በላይ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ደሙን ሊጠርግ መሐረቡን ከኪሱ ሲያወጣ አንዲት ትንሽ ብሎን አብራ ወጥታ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች። አለቃው አያት። ልጅቱም አየቻት። እሱ ግን ወደ ሞተሩ ዞሮ፣ "ማንም እንዳይጠጋ! ማግኔቶው አልሞተም!" ብሎ ጮኸ። ጎንበስ ብሎ ተንጠልጥላ የቀረችውን ሽቦ በጣቱ አነሳት። "የየትኛው ደንቆሮ ሥራ ነው ይሄ? ንገሩኝ እንጂ!"

አለቃው ጎንበስ ብሎ ብሎኗን አነሳና ኪሱ ውስጥ ከተታት።

እጇን ቆርጠው አልጣሉትም፤ ግን እጅ አልሆነም። ጣቶቿ አይጨብጡም። አለቃው ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጣት፤ አባቷን ግን ዳግመኛ ወደ ሃንጋሩ እንዳይመጣ ከለከለና፣ "እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ መፍቀድ አልነበረብኝም" ብሎ አንገቱን ደፋ። እሷም አልተከራከረችውም።

እቤት ውስጥ ግን ነገሩ በየቀኑ እንደ አዲስ ይሆናል። ጠዋት ሻይ ስትቀዳለት ዓይኑ እጇ ላይ ያርፋል።

"ምነው ልጄ፣ እጅሽን ምን አገኘው?"

"ፕሮፔለር መታኝ አባዬ።"

"ሽቦውን ሳያስር የተወው ማነው?"

"እንጃ።"

"እንዲህ ያለ ሰው ከሥራ መባረር አለበት!" ብሎ ይነሳል፤ አለቃውን ካላናገርኩ ብሎ ጫማውን ይፈልጋል። እስኪረሳው ድረስ እየለመነች ትይዘዋለች።

አንድ ጠዋት መሸከሙ አቃታት። "አንተ ነህ አባዬ" አለችው። "ብሎኗ ኪስህ ውስጥ ነበረች።"

የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ የማይታዘዙትን ጣቶቿን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ልጅ አለቀሰ። ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰም። በማግስቱ ሻይ ስትቀዳለት፣ "ምነው ልጄ፣ እጅሽን ምን አገኘው?" አላት። ከዚያ ወዲያ እውነቱን ነግራው አታውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ጥያቄው ቆመ። ፒስተንም፣ ማግኔቶም ከአፉ ጠፉ። እጇን ያያል፣ ሻዩን ይጠጣል። እግዜር ማረኝ ብላ ተነፈሰች። አንድ ቀን ሾርባ ስታጎርሰው ግን ማንኪያውን በትህትና ገፋ አድርጎ፣ "ይብቃኝ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አላት። "አንድ ነገር ላስቸግርዎት? ልጄ መካኒክ ናት። ስትመጣ አባትሽ ይጠብቅሻል ይበሉልኝ።"

"እነግራታለሁ" አለችው።

ሾርባው ቀዝቅዞ ነበር። ሳህኑን በግራ እጇ አንስታ ልታሞቀው ወደ ጓዳ ገባች።