ከጉብታው ስር ያለው እጅ

ኦርቪል መቃብር ሲሠራ ቀልድ አያውቅም። ሌላው ጎረቤት ልጆች አስፈሪ ልብስ ለብሰው ከረሜላ ለሚለቅሙበት ለሃሎዊን በዓል የፕላስቲክ አጽም ገዝቶ ሣሩ ላይ ጥሎ ሲገባ፣ እሱ ገና ቅጠሉ መቅላት ሲጀምር ጋራዡን ዘግቶ ከፎም፣ ከዚያ ቀላል ነጭ ማሸጊያ፣ የመቃብር ድንጋይ ይቀርጻል። የከተማውን አሮጌ መካነ መቃብር እየዞረ ያየውን አይረሳም። የቆየ ድንጋይ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ያዘነብላል። አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት የሚያበቅለው ፀሐይ በማያገኘው በሰሜን በኩል ነው። የቆየ መቃብር ይሰረጉዳል፤ ትኩስ መቃብር ግን ያብጣል። ስለዚህ ሰጋቱራ አረንጓዴ ቀለም ውስጥ እየነከረ በሰሜን በኩል ብቻ ይለጥፋል።

"ማን ሰሜኑን ሊያይልህ ነው?" ትለዋለች ሚስቱ ናዲን።

"እኔ አየዋለሁ።"

ዘንድሮ የጨመረው አንድ ትኩስ መቃብር ነበር። ከእግረኛው መንገድ ዳር አፈር ከመረ፤ ስም ያልተጻፈበት ድንጋይ አቆመበት። ከጉብታው ስር የአሮጌ መኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ቀበረ፤ ከሞተሩ ብረት ቀጠለ፤ ከብረቱ ጫፍ ጨርቅ የተጎሰጎሰበት የሥራ ጓንት አሰረ። ሰው ሲጠጋ እጁ አፈሩን ፈንቅሎ ይወጣል። ጓንቱን ከጋራዡ መደርደሪያ አንስቶ በጭቃ ሲለውሰው፣ የማን እንደሆነ አላሰበም።

ያሳሰበው ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ነው። አርዲስ በበጋው ባሏን ክላይድን አጥታለች። ቀበረችው እንኳ አይባልም። "ዕድሜዬን ሙሉ ሣር ሳጭድ ኖሬ፣ ከሞትኩ ደግሞ እላዬ ላይ ሣር ሊያጭዱብኝ!" እያለ በተናዘዘው መሠረት፣ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ኢሪ ሐይቅ ላይ ተበተነ።

"ዘንድሮስ ቢቀርብህ?" አለች ናዲን። "ሴትዮዋ መጋረጃዋን በገለጠች ቁጥር መቃብር ልታሳያት ነው?"

ኦርቪል ተሻግሮ አርዲስን ጠየቃት።

"ብትተወው ነው የምቀየምህ" አለችው። "ክላይድ ዓመት ሙሉ የሚጠብቀውን ነገር!"

ከልቧ ትሁን ለይሉኝታ፣ ከፊቷ ሊያነብ አልቻለም።

ጉብታውን በጨረሰ ማግስት፣ ስም በሌለው ድንጋይ ስር ቢጫ አበባ በሸክላ ተተክሎ አገኘ። ሰው ሠራሽ መስሎት ቅጠሉን ቆነጠረው። ጣቱ ረጠበ። በሚቀጥለው ጠዋት በመስኮት ሲያይ፣ አርዲስ በቤት ጫማዋ መንገዱን ተሻግራ አበባውን ውሃ ታጠጣለች። ጣሳዋ ባዶ ከሆነም በኋላ ቆማ ለድንጋዩ የሆነ ነገር ታወራ ነበር።

"ፎም እኮ ነው" አለ ኦርቪል።

"እሷም ታውቃለች። ሐይቅ ላይ ግን አበባ አይቀመጥም።" ናዲን ወደ እሱ ዞረች። "ያንን እጅ አውጣው።"

"የምትመጣው ጠዋት ጠዋት ነው። እኔ የማበራው ልጆቹ ሲመጡ ነው።"

"ኦርቪል!"

"አትደርስበትም አልኩሽ።"

የልፋቱ ሁሉ ቁንጮ ያ እጅ ነበር፤ ሊያወጣው አልጨከነም።

የሃሎዊን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሞተሩን ገመድ ሰክቶ ወደ ቤት ገባ። ኮቱን ሳያወልቅ በመስኮት ቢያይ፣ አርዲስ በአንድ እጇ ታጣፊ ወንበር፣ በሌላው ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ከረሜላ ይዛ በቀጥታ ወደ ጉብታው ትመጣለች።

"አርዲስ! አትጠጊ!" እያለ ወጣ።

እሷ ወንበሩን ዘርግታ፣ የደረቀ ቅጠል ከአበባው ላይ ልትለቅም ጎንበስ ብላለች። አፈሩ ተንቀሳቀሰ። እጁ ወጣ።

ጩኸቷን መንገዱ ሁሉ ሰማው። ከረሜላው ሣሩ ላይ ተበተነ። ከዚያ ቀስ ብላ ተንበረከከች። ከጓንቱ አውራ ጣት ላይ ጭቃውን ጠረገች። ከስሩ የቀይ ክር ስፌት ብቅ አለ።

"ይሄ ስፌት የኔ ነው" አለች። "የክላይድ ጓንት ነው።"

ኦርቪል ያን ጊዜ ትዝ አለው። በጸደይ ከክላይድ ጋር የዛፍ ጉቶ ሲነቅሉ ነበር የተዋሰው።

"አርዲስ፣ ፈጣሪ ምስክሬ ነው፣ አላወቅኩም..."

"ክላይድ 'ኦርቪል የተዋሰውን ካልቀበሩት አይመልስም' ይል ነበር።"

አልሳቀችም፤ አላለቀሰችም። እጁን ጨበጠችው። ሞተሩ ተራው ደርሶ ወደ አፈር ሊመልሰው ሳበ። እሷ አልለቀቀችም። ከጉብታው ስር የሞተሩ የላስቲክ ጥርሶች ሲፋጩ ኦርቪል ሰማ፤ ያንን ድምፅ ያውቀዋል፣ ብዙ እንደማይቆይም ያውቃል። ገመዱ እግሩ ስር ነበር። ቢነቅለው ሞተሩ ይተርፋል፤ ግን እጁ እመዳፏ ውስጥ ድንገት ይዝላል።

አልነቀለውም።

ሞተሩ ተንገጫገጨ፤ የተቃጠለ ሽታ ከአፈሩ ወጣ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

"ሰበርኩብህ?"

"አዎ።"

"አጨባበጡ እንደ ክላይድ ነው። ካልታገሉት አይለቅም።"

ኦርቪል ጎንበስ ብሎ ከረሜላውን ለቀመላት። ጓንቱን ከብረቱ ሊፈታ እጁን ሲዘረጋ ክንዱን ያዘችው።

"ጓንቱን ልስጥሽ እንጂ" አለ።

"ነገ ትሰጠኛለህ።"

የመጀመሪያዎቹ ልጆች ቆብና ክንፍ አድርገው ደረሱ። ጠንቋይ መስላ የለበሰች አንዲት ልጅ ከጉብታው ፊት ቆማ ጠበቀች፤ ምንም የለም።

"ይሄኛው አይነሳም እንዴ?"

አርዲስ ወንበሯን ወደ ድንጋዩ አስጠግታ ሳህኑን ዘረጋችላት።

"ሣር ሲያጭድ ውሎ ደክሞት ነው" አለች። "ለሱም አንድ አስቀምጪለት። ቸኮሌት ይወዳል።"

ልጅቷ ትንሽ አመነታች። ከዚያ አንድ ቸኮሌት መርጣ በተዘረጋው ጓንት ላይ አስቀመጠችና፣ ሌሎቹን ለመድረስ ሮጠች።