ልብስ ያልደረሰው

«ያቺ ቡናማ ጃኬቱስ? ጃኬቱን የት አደረሳችሁብኝ?»

ፋንቱ የልጇን ሣጥን ለአራተኛ ጊዜ ዘረገፈችው። ሁለት ጂንስ፣ አንድ የኳስ ማሊያ፣ አንገቱ የተበላ ሸሚዝ። ጃኬት የለም። እሷ ባደገችበት አገር ሟች በልብሱ ይለቀስለታል፤ ልብሱ ካልወጣ ለቅሶው ለቅሶ አይባልም። ዮኤል ደግሞ ክረምት ከበጋ ከዚያች ጃኬት ሌላ መቼ ለበሰ? ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ባጃጅ ሲነዳ ከሩቅ የሚታወቀው በእሷ ነበር፤ ዚ፟ፑ ሁልጊዜ ክፍት፣ በነፋስ እየተርገበገበች። «ዝጋው አንተ ልጅ፣ ደረትህን ብርድ ይመታሃል!» እያለች እናቱ ስንት ዓመት ጮኸች። አንድ ቀን ዘግቶት አያውቅም።

«አደጋው ቦታ ወድቃ ቀርታ ይሆናላ» አለች ጎረቤቷ ረይሃና፣ ለለቀስተኛ የሚታደለውን ዳቦ እየቆረሰች።

«ነገ ሥልስቱ ነው፣ ረይሃና! ካላለቀስኩባት ልጄ ራቁቱን ሄደ ማለት ነው!»

ናርዲ የጓዳው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰማች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የዮኤል አንድ እህት። ጃኬቷ ከጀርባዋ፣ ከጤፍ ማዳበሪያው ኋላ ተጠቅልላ ተደብቃለች። አውጥታ ብትሰጥ ያንድ አፍታ ሥራ ነበር። ግን እንዴት ብላ ትስጥ? ዛሬ ጠዋት ወንድሟን ያገኘችው በእሷ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አደጋው የደረሰ ዕለት ዝናቡ ሲወርድ ናርዲን ከማጠናከሪያ ትምህርት ያመጣት ዮኤል ነው። ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ጃኬቱን አውልቆ ጭንቅላቷ ላይ ጣለባትና፣ እንደ ልማዱ፣ «መብራት ጠፋ!» ብሎ ሳቀ። ቤት ሲደርሱ «በይ አምጪ፣ አንድ ሰው ቦሳ ኪቶ ሰፈር አድርሼ ልምጣ» አላት።

«አልሰጥም! ሞቆኛል። ማታ ትወስዳታለህ!»

እየሳቀች ሮጣ ገባች። እሱም እየሳቀ በሸሚዙ ሄደ። መታጠፊያው ላይ የጭነት መኪና ጠበቀው። ሬሳው በሸሚዝ መጣ፤ ሸሚዙም ርሶ ነበር። ይህን ከናርዲ በቀር የሚያውቅ የለም።

እና ዛሬ ጠዋት፣ ድንኳኑ በሰው ሲሞላ፣ ጓዳ ገብታ ጃኬቷን ጭንቅላቷ ላይ ሳበችና «መብራት ጠፋ» አለች። ለራሷ ነው ያለችው፤ ናፍቋት። ጨለመ። ቀጥሎ ከጨለማው ውስጥ ነፋስ መጣ። እግሯ ሥር አስፋልት፣ ግራ ቀኙ ቡና፤ ፍሬው ግን እንደ ከሰል ጥቁር። በጭጋጉ ውስጥ ሰዎች መኪና ይጠብቃሉ፤ ጋቢ የለበሰ፣ ኮት የደረበ። አንዱ ብቻ በርጥብ ሸሚዝ ተኮራምቷል።

«አንቺ ሌባ!» አላት ዮኤል።

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሰውነቱ በረዶ ነው። ጃኬቷን ልታለብሰው ብትሞክር በትከሻው አልፋ መሬት ወደቀች። በዚህ መሐል ሚኒባስ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ በበሩ ብቅ አለ፤ ፊት የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው።

«ልብስ ያልደረሰው አይሳፈርም! እንባ ያልነካው ልብስ ልብስ አይደለም!»

ሌሎቹ ተሳፈሩ፤ ዮኤል ቀረ። ናርዲም ደስ አላት። ደስ አላት እንጂ፣ ለምን ይዋሻል! መኪናው ካልወሰደው እዚሁ ነው ማለት ነው። በየቀኑ እየመጣች ታየዋለች፤ ቀስ ብላም ወደ ቤት ትመልሰዋለች። ጃኬቷን ከመሬት አንሥታ እንደገና ተከናነበችና ስትገልጣት ጓዳው ውስጥ ነበረች፤ እንግዲህ የደበቀቻት ለዚህ ነው።

በሥልስቱ ማለዳ የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዓምደሚካኤል ድንኳኑ ውስጥ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እንግዲህ እግዜር ያጽናችሁ። ከቀትር በፊት ድንኳኑን እናነሣለን፤ ሌላ ለቅሶ ቤት ይጠብቀናል።»

ናርዲ ይህን ስትሰማ ጓዳ ገብታ ጃኬቷን እንደገና ጭንቅላቷ ላይ ሳበች።

ዮኤል እዚያው ነበር። እግሮቹ ግን እስከ ጉልበቱ አፈር ውስጥ ገብተዋል። ከጣቶቹ ጫፍ ቅጠል ወጥቷል። ያን ጊዜ ነው ዙሪያዋን በደንብ ያየችው፤ ከአንዱ የቡና ግንድ ላይ የጆሮ ጌጥ ተንጠልጥሏል፣ ሌላው ግንድ ዓይን አለው፣ ዓይኑ ይርገበገባል። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ነበሩ።

«ሦስተኛው ቀን ሳያልፍ ያልተሳፈረ እዚሁ ይበቅላል!» አለ ረዳቱ ከጭጋጉ ውስጥ።

«ዮኤል፣ ተነሥ! ቤት እንሂድ!» እጁን ይዛ ባላት ጉልበት ሁሉ ጎተተችው። መዳፏ ውስጥ የቀረው ቅጠል ብቻ ነው። «እኔ ነኝ እኮ! ናርዲ!»

አያት። አላወቃትም።

«ናርዲ» አለ ቀስ ብሎ፣ ለማያውቀው ሰው እንደሚናገር። «ጃኬቴ እሷ ጋ ናት። ማታ ታመጣልኛለች።»

ጃኬቷን ከላይዋ የገፈፈችላት ረይሃና ናት። ናርዲ ጓዳው ወለል ላይ ተጥላ ትንሰቀሰቃለች።

«ኢንተላ ኮ! ልጄ! ምን ሆነሻል?» አለችና የያዘችውን ጃኬት አየች። «ያ አላህ!»

«ስጪኝ አለኝ፣ እትዬ ረይሃና። አልሰጥም አልኩት። እማዬ ይህን ካወቀች ትጠላኛለች።»

ረይሃና ጃኬቷን አጣጥፋ እጇ ላይ አኖረችላት። ከውጭ የድንኳኑን ገመድ የሚፈቱት ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«ትጥላሽ» አለቻት። «ማሎ ልጄ፣ ለምኜሻለሁ፣ ለወንድምሽ ስጪው።»

ናርዲ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። «ጋሽ ዓምደሚካኤል፣ ቆዩ! አታንሡት!» ድንኳኑ መሐል እናቷ ፊት ተንበርክካ ሁሉንም ተናገረች፤ ዝናቡን፣ ሳቁን፣ «አልሰጥም» ያለችውን። ፋንቱ እጇን አነሣች። ልትመታት ነው ብለው ሴቶቹ ብድግ አሉ። እጇ ግን አየር ላይ ቀረ። ልጅቷ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ትንቀጠቀጥ ነበር። ፋንቱ ጃኬቷን ተቀብላ ዘረጋችና ናርዲ ትከሻ ላይ ጣል አደረገቻት።

«በርዶሻል» አለቻት።

«ለእኔ አይደለም እማዬ! ለእሱ ነው! አልቅሺባት፣ አሁኑኑ፣ ድንኳኑ ሳይነሣ!»

ፋንቱ ጃኬቷን እቅፏ ውስጥ ከታ «ዮኤልዬ! የኔ ዓለም! በብርድ የሄድክብኝ!» ስትል ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ጮኸ። ገመድ ይዘው የነበሩት ወንዶች ገመዱን ለቀው አለቀሱ። ናርዲ የመኪና ድምፅ ትሰማ እንደሆነ ጆሮዋን አቆመች። ከጩኸቱ በቀር የሚሰማ የለም። ተሳፍሮ ይሁን በቅሎ ይሁን ማን ይነግራታል? ጃኬቷ ለእሱ ተሰጥታለች፤ ከእንግዲህ የምታይበት መንገድም የላትም።

በእናቷ ክንድ ሥር እጇን አሾልካ የጃኬቷን ዚፕ ፈለገች። ጫፍና ጫፉን አገናኘችና እስከ አንገቱ ድረስ ዘጋችው።