ከቁም ሳጥን የተሰጠ ቃለ ምልልስ

የሟቹ ስልክ በሐዘኑ ሦስተኛ ቀን፣ ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሎ ሳለ ጮኸ። ልጁ ወደ መኝታ ቤት ይዛው ገብታ አነሳችው።

«ጋሼ፣ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብተዋል? ሩብ ሰዓት ነው የቀረን» አለ ፈገግታ ያለበት የወንድ ድምፅ።

ክው አለች። «አባቴ እኮ... አርፏል። ማን ልበል?»

ደዋዩ የራዲዮ ጋዜጠኛ ነው። ሟቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለ መጽሐፉ በቀጥታ ስርጭት ሊናገር ቀጠሮ ነበረው። ቤተሰቡ ቀጠሮውን አያውቅ፣ እሱም መርዶውን አልሰማ።

«ቁም ሳጥን ያሉኝ ምንድን ነው?»

«ልብስ መሃል ሲቀመጡ ድምፃቸው አያስተጋባም። ስቱዲዮ ያሉ ነው የሚመስሉት። ራሳቸው ናቸው የደረሱበት።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አባቷ ሠላሳ ዓመት ሊፍት ጠግኗል። ጡረታ ሲወጣ፣ በተበላሸ ሊፍት ውስጥ የታሰሩ ሰዎች እስኪያወጣቸው ድረስ በበሩ ስንጥቅ ያጫወቱትን ሁሉ ጻፈ። መጽሐፉ አልሸጥ ብሎ አልጋው ሥር ተደረደረ። ከወር በፊት አንሶላ ልታወጣ ቁም ሳጥኑን ስትከፍት፣ አባቷ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ላብ አጥምቆት ተቀምጧል። «አባዬ፣ ጃጀህ እንዴ?» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ እየሳቀች ለአክስቷ ነገረች፤ አክስቷ ለጎረቤት። ዛሬ ሳሎን ውስጥ «መጨረሻ ላይ እኮ አእምሮውን ነካ አድርጎት ነበር» የሚለው ሹክሹክታ ከእሷው አፍ የወጣ ነው። አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ባለፈው ወር ሲቀርቡ አሥራ አንድ ሰው ደወለ» ቀጠለ ጋዜጠኛው። «ሁሉም ሊፍት ውስጥ ታስረው ያወጧቸው ናቸው። በድምፃቸው ነው የለዩአቸው። እሳቸውም እያንዳንዱን ከየትኛው ሕንፃ፣ ከስንተኛ ፎቅ እንዳወጡት አልረሱም። በሥራዬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።»

እዚህ ቤት «ጨው አቀብሉኝ» ካለ ብዙ አወራ የሚባለው አባቷ! ዕድሜ ልኳን አብራው የኖረችው ሰው እንዲህ ግዙፍ መሆኑን የሚነግራት የማታውቀው ሰው ነው።

«በእሳቸው ቦታ ዘፈን እናስገባ ይሆን?» አለ ጋዜጠኛው።

«የለም፣ እኔ እናገራለሁ።»

«መጽሐፉን አንብበውታል?»

«አላነበብኩም።»

«እንግዲያው እሱንም ይንገሩን።»

ብቅ ብላ አክስቷን ራዲዮ እንድትከፍት ጠየቀቻት።

«በሐዘን ቤት? ምን ነካሽ ልጄ?»

«ግድ የለም አክስቴ፣ ክፈቺው።»

ቁም ሳጥኑ ውስጥ ገብታ በሩን ሳበችው። ልብሶቹ አሁንም ግራሶ ግራሶ ይሸታሉ። ጋዜጠኛው አስተዋወቃት። የሳሎኑ ጉርምርምታ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ።

«አባቴ አእምሮውን አልሳተም» አለች። «ሳተ ብዬ ያወራሁት እኔ ነኝ።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እያወራች ግን እጇ፣ አጠገቧ የተሰቀለውን የአባቷን ካፖርት በዳበሳ ይቆልፍ ነበር፤ ብርድ ላይ ሊወጣ ለተነሳ ሰው እንደሚደረገው፣ ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ፣ እስከ አንገቱ ድረስ።