ለአሰብ መንገድ የሚሆን ብርድ

«ጋዙ አለ አልኩህ እኮ» አሉ ጋሽ ገብረሰንበት፣ ራሳቸውን ከኮፈኑ ሥር ሳያወጡ።

«ካለ ታዲያ ብርዱ የት ሄደ?» አለ ሰይድ። «ቅዳሜም አለ አሉኝ፣ ትናንትም አለ አሉኝ። ይኸው ማክሰኞ ሆነ፤ የሚነፍሰው ግን የዳቦ ቤት አየር ነው።»

«ዳቦ ቤት ከሆነማ ዳቦ ጋግርበት።»

«እርስዎ ይቀልዳሉ። እኔ ስድስት ሰዓት ላይ ስምሪት ክፍል ገብቼ ምን ልበል?»

«መካኒኩ ደንቆሮ ነው በላቸው። ሦስት ቀን ሙሉ ስትለኝ የሰነበትከው እሱን አይደል?»

ሰይድ ደንቆሮ አላለም። የልጅ ሥራ ነው ብሎ ግን ነበር፤ እሱም ከዚያ አይሻልም።

ጋራዡ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ሰኔ 1978 መግባቱ ነበር። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶታል፤ ሁለቱም ሰዎች ሹራብ ደርበዋል። በዚህ አየር ስለ መኪና ማቀዝቀዣ የሚጣላ ሰው አላፊ አግዳሚውን ማሳቁ አይቀርም። ሰይድ የሚነዳት የመሥሪያ ቤቱ ፔጆ ግን ነገ ጎሕ ሲቀድ ወደ አሰብ ትነሳለች ተብሏል። የመምሪያ ኃላፊው ጓድ ተክለብርሃን ባለፈው ጉዞ ሚሌን እንዳለፉ ሙቀቱ አፍንጫቸውን አድምቷቸው ስለነበር፣ ማቀዝቀዣው የማይሠራ መኪና ውስጥ አልገባም ብለዋል። እስከ ስድስት ሰዓት ካልተሠራ፣ መኩሪያ የሚባለው ሾፌር በራሱ መኪና ይዟቸው ይሄዳል።

ሰይድ ደግሞ አሰብ ላይ ልጅ አለው። አብዱልጀባር ለብሔራዊ ውትድርና ከተጠራ ስምንት ወሩ ነው። ባለፈው ሳምንት በአንድ የከባድ መኪና ሾፌር እጅ የላከው ወረቀት ሁለት መስመር ብቻ ነበረው። አሰብ ነን፤ የሚመጣው ሳምንት ዓርብ በመርከብ ወደ ምጽዋ ያሻግሩናል ይላል።

እናቱ ሰኪና ከገርጂ በእግሯ መጥታ፣ ከጠዋት ጀምሮ ፔጆዋ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ በፎጣ የታሰረ ጥቅል አለ። በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ወፍራም ሹራብም አስገብታበታለች። ሰይድ፣ «አሰብ ላይ ሹራብ ምን ያደርግለታል?» ቢላት፣ «አስመራ ቢያወጡትስ?» ብላ መልሳለታለች።

«መኩሪያም ሰው ነው» አሉ ጋሽ ገብረሰንበት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ጥቅሉን ያደርስላችኋል።»

«ጥቅሉንማ ያደርሰዋል» አለች ሰኪና ከውስጥ። «መክሳት አለመክሳቱን ግን ማን አይቶ ይነግረኛል? መኩሪያ ልጄ ድሮ ምን ያህል እንደነበረ አያውቅ።»

ጋሽ ገብረሰንበት ሞተሩን አስነስተው ሥራውን እንደገና ከመጀመሪያው ያዙት። ቺንጋው፣ ማዞሪያ ቀበቶው፣ ጠብቋል። ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕረሰርም ይዞራል። በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀቡ፤ ጋዝ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ የለም። ወደ ኮምፕረሰሩ የሚመለሰውን ቱቦ ቢጨብጡት እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዛል። የሰይድንም እጅ ይዘው አስጨበጡት።

«ይኸው። ጋዝ ከሌለ ይኼ ከየት መጣ?»

«ጓድ ተክለብርሃን ኮፈን ውስጥ ተቀምጠው አይሄዱ።»

«የአብዱልጀባር አባት» አለች ሰኪና፣ «ኧረ ይኼን ነገር አጥፉልኝ፤ እግሬን ፈጀኝ።»

«ጠፍቷል እኮ። ማራገቢያውን ቅድም ነው ያጠፋሁት።»

«እንጃ። ንፋስስ የለም። ሙቀቱ ግን ከዚህ ከሥር ይመጣል፤ ምድጃ አጠገብ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ።»

ጋሽ ገብረሰንበት ቀና አሉ። ዞረው መጥተው በሩን ከፈቱና ተንበርክከው እጃቸውን ከእግሯ በላይ ወዳለው የአየር መውጫ ሰደዱ። ወዲያው መልሰው አወጡት። ወደ ሞተሩ ተመልሰው በስተኋላ ጥግ አጎነበሱ።

ከሞተሩ ፈልቶ ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ውሃ የሚከፍትና የሚዘጋ ትንሽ ቧንቧ እዚያ አለ። እሱ ክፍት ከሆነ ማቀዝቀዣው ያበረደውን አየር ማሞቂያው መልሶ ያሞቀዋል። ክፍት ነበር። ክፍት ሆኖ እንዲቀርም በሽቦ ታስሯል። የሽቦው ጫፍ እጅ እንዳይቧጭር ወደ ውስጥ ታጥፏል፤ በላዩ ላይ ቀጭን የጎማ ቁራጭ ተጠምጥሞበታል። በዚያ ሰፈር እንዲህ ተጠንቅቆ የሚያስር መካኒክ አንድ ብቻ ነው።

ጋሽ ገብረሰንበት የጎማውን ቁራጭ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሰይድ ከጎናቸው ቆሟል፤ ገና አላየም። ፒንሳቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበረች። ቆርጠውት፣ ትንሽ ጋዝ ጨመርኩበት ብለው መሸኘት ይችሉ ነበር።

«ና እይ» አሉት። «እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

ሰይድ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ንዴቱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል።

«ያሳሰርኩዎትስ እኔ አይደለሁም እንዴ? የቀድሞው ኃላፊ፣ አቶ ገብረእዝጊ ጉልበታቸውን እያመማቸው… የማሞቂያው እጀታ እየተንሸራተተ ይዘጋብናል ብዬ…»

«የዛሬ ሁለት ክረምት ነው። መስከረም ሲጠባ አምጣትና እፈታዋለሁ ብዬህ ነበር።»

«አላሉኝም።»

«ብዬሃለሁ።»

«ሰውየው ጡረታ ወጡ፣ እኔም ረሳሁት። አምጣትስ አላሉኝም።»

ሽቦው ሲቆረጥ ጠብ ብሎ ጭቃው ላይ ወደቀ። ሁለቱም በሾፌሩ በር በኩል ተጋፍተው ገቡና ማራገቢያውን ከፈቱት። መጀመሪያ የመጣው ያው የዳቦ ቤቱ አየር ነበር። ቀስ በቀስ ለብ አለ። ከዚያ እውነተኛው ብርድ መጣ። እጃቸውን አየሩ ላይ ዘርግተው፣ እሳት እንደሚሞቁ ሰዎች ጎን ለጎን አጎነበሱ። አምስት ሰዓት ተኩል አልሞላም።

ሰኪናም በእሷ በኩል ባለው ቀዳዳ ላይ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ድረስ አላነሳችውም። ከዚያ ጥቅሉን ፈትታ ሹራቡን ከላይ አደረገችና እንደገና አጥብቃ አሰረችው።

«መስከረም ብዬሃለሁ» ይላሉ ጋሽ ገብረሰንበት። «እዚችው በር ላይ ቆመህ።»

«እዚህ በር ላይማ የዚያን ቀን ዝናብ ነበር፤ እኛ ውስጥ ነበርን።»

«ውስጥ ሆነንም ቢሆን ብዬሃለሁ።»

ሰኪና ወርዳ ጥቅሉን ተቀምጣበት በነበረው ወንበር ላይ አኖረችው። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ሻርፗን ራሷ ላይ መልሳ፣ ውሃ ያቆረውን እየዘለለች በቆርቆሮው በር ወጣች።