ጳጉሜን የዋጠው ሣጥን

የምነግራችሁ ነገር ላይ ቅንጣት አልጨመርኩም። ብጨምር ምላሴ እንደ ጓሳ ሣር ይታጨድ! ፈንታ ቀጣፊ ነው የሚላችሁ የመንዝ ሰው ቢገጥማችሁ፣ ያ ሰው ወይ ጭራሽ አያውቀኝም ወይ በደንብ ያውቀኛል።

ዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ነው። የእኛ አገር ሰው ጓሳን፣ የጋራ የሣር መሬታችንን፣ ለዓመታት ይዘጋና ሣሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ ይከፍተዋል። እስከዚያ በየወሩ አንድ ጎጥ በተራ ይጠብቃል። ወር በገባ ጧት ጋሼ መኳንንት የሚባሉ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ወጥተው ባለተራውን ጎጥ ይጠራሉ። ድምፃቸው ከገደሉ ማዶ ራቤል የተኛ ውሻ ይቀሰቅሳል። ጎጥ ከተጠራ ጓሳ ዝግ ነው። ማንም ካልተጠራ ግን ተከፈተ ማለት ነውና ሰው ማጭዱን ይዞ ይሮጣል።

በዚህ መሀል የቄስ አፈወርቅ ልጅ ጽናት ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር ተምራ መጣች። ጃቫ በሚባል የማሽን ቋንቋ ተራውን ሁሉ ጻፈችው። ወር ሲገባ ማሽኑ ራሱ አውቆ፣ ኮሚቴው ቤት ጣሪያ ላይ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ፣ በእሷ በተቀዳ ድምፅ ጎጡን ይጠራል። ጋሼ መኳንንት ኮሚቴውን ሰብስበው ፈረዱ፦

«እስከ እንቁጣጣሽ ካልሳተ ልጅቷ በሥራዋ ትጽና። ከሳተ ግን ሣጥኑ ይመለስ፣ እሷም ሌላ እንጀራ ትፈልግ።»

ከዚያ በኋላ አኩርፈው ቋጥኙን ዞረው አላዩትም።

ማሽኑ ከጥር እስከ ነሐሴ ንቅንቅ አላለም። ጳጉሜ በገባች ጧት ግን ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ጆሮውን አቁሞ ሲጠብቅ፣ ድምፅ ማጉያው «ክርር» አለና ዝም።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ምንም።»

«ምንም ካላለማ ተከፍቷላ!»

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው እንደዚያ ሲበተን አይቼ አላውቅም። ሣሩ ገና እርጥብ ነው፤ ክረምቱም አልወጣም። ያን ጊዜ ቢታጨድ ከርሞ ጣሪያ ላይ ይበሰብሳል፤ የስንት ዓመት ጥበቃ ገደል ይገባል። የጽናትም ሥራ አብሮ።

ኮሚቴው ቤት ስደርስ ልጅቷ ፊቷ አመድ መስሎ ማሽኑ ላይ ተደፍታለች።

«ጋሽ ፈንታ፣ ጉድ ሆንኩ! ለወሮቹ ያዘጋጀሁት አሥራ ሁለት ቦታ ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛውን ፈልጎ አጣው።»

«አሥራ ሁለት? አንቺ ልጅ፣ የማን አገር ሰው ነሽ?»

«ምሳሌውን ከፈረንጅ መጽሐፍ እንዳለ ገለበጥኩት።»

«እሺ፣ ሲያጣው ለምን አልጮኸም?»

«ስህተት ሲመጣ እንዲይዘው አድርጌ ነበር የጻፍኩት።»

«ከያዘው በኋላስ?»

አቀረቀረች። «ምን እንደሚያደርግ አልነገርኩትም። በኋላ እጽፈዋለሁ ብዬ ባዶ ተውኩት።»

«ሌባ ይዞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዘበኛ ነው የቀጠርሽው በይኛ!»

«ስድቡን ተወውና ሕዝቡን አቁምልኝ!»

ፈረሴ ላይ ወጣሁ። እንዴት እንደጋለበ ብነግራችሁ አታምኑም። ጥላችን ከኋላ ቀርቶ እኛ ጧት ደርሰን እሱ ከምሳ በኋላ ነው የደረሰው። የጓሳው መግቢያ ላይ ፈረሴን አግድም አቆምኩና ጮህኩ፦

«ቁሙ! ማሽኑ ዝም ያለው ሱባኤ ገብቶ ነው!»

እትዬ ደብሪቱ ከፊት ናቸው፣ ማጭዳቸውን ሽቅብ ይዘው። «ደሞ ሣጥን ሱባኤ ይገባል?»

«የቄስ ልጅ የጻፈችው ሣጥን ለምን አይገባም? ጳጉሜ እኮ ነው!»

«ምን ሲበላ ኖሮ ነው የሚጾመው?»

«መብራት ነዋ።»

«ውሸታም! አሁን ሳልፍ ዓይኑ ቦግ ብሎ በርቷል!»

«ንግግር ነው የጾመው፣ እትዬ። ከሱባኤ ሲወጣ ግን በዝምታው ጊዜ ሣር የነካውን ሁሉ እስከ አያቱ ስም ይጠራል።»

ማጭዶቹ አንድ በአንድ ጋቢ ውስጥ ገቡ። ማንም ወደፊት አልሄደም፤ ወደ ኋላም አልተመለሰም።

ጽናት ኋላ እንደነገረችኝ፣ አሥራ ሦስተኛውን ቦታ ወዲያው ጨመረች። እዚያ ላይ የማንን ስም እንደምታስገባ ግን አላወቀችም። ጋሼ መኳንንት ቤት ስትሮጥ፣ ሽማግሌው አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ዱላ ይዘው፣ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ ጳጉሜን የሚጠብቀው የትኛው ጎጥ ነው?»

«ምን ጎጥ አለው! እኔ ነኝ እንጂ። ጎጡ ሁሉ ጠበል ሲወርድ ድሮስ ማን ይቀራል?»

«ታዲያ ተራውን ሲያስጽፉኝ ለምን አልነገሩኝም?»

«በጳጉሜ ‹ዝግ ነው› ብዬ ብቻ እወርድ ነበር እንጂ ቋጥኝ ላይ ወጥቼ ራሴን በራሴ እጠራለሁ? መቼም ታውቂዋለሽ፣ ዘንድሮ እንኳ አንድ ቀን ስሜ ይጠራል ብዬ ለባብሼ ብጠብቅ፣ ሣጥንሽ ዘጋኝ።»

«ይጠራዎታል፤ ይምጡ።»

«ስቷል እኮ ልጄ። ቃል ቃል ነው።»

«የሳትኩት እኔ ነኝ። የከፋው ግን መሳቱ አይደለም፣ ስህተቱን ውጦ ዝም ማለቱ ነው። ሁለተኛ ሲቸግረው የሚጮህበት ድምፅ ይፈልጋል፤ የኔ ድምፅ ደግሞ ከገደሉ አይሻገርም።»

ጋሼ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ተነሡ።

እኛ ጓሳው አፍ ላይ እንደተፋጠጥን የጽናት ድምፅ መጣ፦ «የጳጉሜ ጠባቂ፣ ጋሼ መኳንንት! ጓሳ ዝግ ነው!»

«አጭር ሱባኤ ነው እባክህ» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ፊታቸውን ወደ ቤት አዞሩ።

ጽናት ከዚያ ወዲህ የማሽኑን ቀን እያዞረች ወሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ ሳትፈትን አላደረችም። በእንቁጣጣሽ ኮሚቴው ተሰበሰበ። አውቃ አሥራ አራተኛ ወር ጠየቀችው። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ፤ የተቀዳ የጋሼ መኳንንት ድምፅ ነው፦

«ስህተት ተገኝቷል! አሥራ አራተኛ ወር የሚባል እዚህ የለም! ማንም ማጭድ እንዳያነሳ! መጥታችሁ እኔን ጠይቁ! ፈንታ የሚላችሁንም ስሙ!»

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «ልጅቷ ትቀመጥ» አሉ። «ሲሳሳት የሚናገር ከሆነ ሰው ሆኗል ማለት ነው።» አሁን ወር በገባ ቁጥር እንደገና ቋጥኙ ላይ ይወጣሉ፤ ምናልባት ስህተት ቢገኝ ድምፄን እሰማለሁ ብለው። ሳይገኝ ሲቀር እያዘኑ ይወርዳሉ።

እንግዲህ ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ነገር ብቻ ናት። የፈረሴ ጥላ እውነት ነው፤ ሱባኤውም እውነት ነው። ቀረጻው መጨረሻ ላይ ግን ጋሼ መኳንንት ያሉት «ፈንታ የሚላችሁን እንዳትሰሙ» ነው።