ፋሌሲ መዝጊያዋን ነቀለች

አሸዋው በማሳውሶ ላይ የተናደ ዕለት ከላይ ቆሜ ገመዱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ላዛሎ እባላለሁ፤ ጌታ ከመቃብር ያስነሳው ሰው ስም ነው። እኔና ማሳውሶ በአካባቢያችን ላሉ መንደሮች ጉድጓድ እየቆፈርን ብዙ ዓመት አብረን ሠርተናል። እሱ ይወርዳል፣ እኔ ባልዲውን እጎትታለሁ። እሱ ቀጭን ነው፣ እኔ ወፍራም ነኝ፤ የሥራ ክፍፍላችን ከዚያ የመጣ ነው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። የመንደራችን ጉድጓድ ደረቀና ሴቶቻችን የወንዙን ደረቅ አሸዋ እየጫሩ ጭቃ የመሰለ ውሃ ይቀዱ ጀመር። የመንደሩ አለቃ ካሉዋ ጠርተው፣ «ውረዱና ውሃውን እስከሸሸበት ድረስ ተከተሉት» አሉን። የጉድጓዱ ግድግዳ ከላይ እስከ ወገቡ በሲሚንቶ ቀለበት የተደገፈ ነው። ከዚያ በታች ምንም የለም፤ ልቅ አሸዋ ነው። ማሳውሶ ጠዋት ገባ። ፀሐይዋ ገና ጠንከር ስትል ከታች ድምፁ መጣ።

«ላዛሎ! ረጥቧል! አሸዋው ረጥቧል!»

ሲስቅ ሰማሁት። ወዲያው መሬቱ ከእግሬ ሥር አቃሰተ። ገመዱ መዳፌን ልጦ ከእጄ ተመነጨቀ፣ ከጉድጓዱ አፍም አቧራ ቡልቅ አለ። ቀለበቶቹ ተንሸራተው ወርደዋል፤ አሸዋውም ተከትሏቸዋል። ስሙን ጠራሁ። ደግሜ ጠራሁ። ከዚያ ጩኸቴን ለቀቅኩት፤ መንደሩ በሙሉ እየሮጠ መጣ።

ወንዶቹ ከላይ ማውጣት ጀመሩ። አንድ ባልዲ ስናወጣ ሁለት ባልዲ ከጎን ይፈሳል። የማሳውሶ ታላቅ ወንድም ዚንዳባ በወገቡ ገመድ አስሮ ገባ። ጥቂት እንደቆየ ግድግዳው እንደገና ተናደና እስከ ደረቱ ዋጠው። ጎትተን ስናወጣው አፉ አሸዋ ሞልቶ ነበር፣ ያለቅስም ነበር። ወንዙ ማዶ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ በብስክሌት የላክነው ሰውም ተመለሰ። ኤክስካቫተር የሚሉት የመቆፈሪያ መኪና አላቸው፤ ግን የእንጨት ድልድያችን ያንን ብረት አይሸከምም።

ያኔ አለቃ ካሉዋ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ ሁላችንም ምን ሊሉ እንደሆነ ገባን።

«ልጆቼ፣» አሉ፣ «አንድ ሰው ሞቶብኛል። ሁለተኛ አልጨምርም። ይህ ጉድጓድ መቃብሩ ይሁን። ድንጋይ አምጡና አፉን ዝጉት።»

ሴቶቹ እሪ አሉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ዮታሙ የመዝሙር መጽሐፋቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡ።

የማሳውሶ ሚስት ፋሌሲ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ዝምተኛ ናት። ገበያ ላይ እንኳ ዋጋ አትከራከርም፤ የተባለችውን ሰጥታ ትሄዳለች። አሁን ከሴቶቹ መሐል ተነስታ ዮታሙ ፊት ቆመች።

«አባባ፣ የቀብር መዝሙር እንዳይዘምሩብኝ።»

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ሰጠ...»

«መስጠቱን አውቃለሁ። መውሰዱን ግን ማን ነገረዎት?»

 ዚንዳባ መጥቶ ክንዷን ያዘ። «ፋሌሲ፣ እኔ ገብቼ አይቻለሁ። ወንድሜ ነው። ቢቻል ኖሮ አልተወውም ነበር። ሐዘን አእምሮሽን እንዳይወስደው፣ ቁጭ በይ።»

«ዚንዳባ፣ አንተ አልቻልክም። እኔም አልችልም። አለቃም አይችሉም። አሁን የማይችለው ሰው ሁሉ ሞክሮ ጨርሷል። የሚችለው ግን ገና አልተጠየቀም።»

እዚያው አቧራው ላይ ተንበረከከች። ጸሎቷን የሰማሁት ቅርብ ስለነበርኩ ነው። ረጅም አልነበረም። «ጌታ ሆይ፣ እዚያ ታች አንተ አለህ። እኔ መድረስ አልችልም። እስክንደርስ ድረስ ያዝልኝ።» ይኸው ነው። ተነሳችና ቀሚሷን ሳታራግፍ ወደ ቤቷ ሄደች።

ሄዳ የምታለቅስ መስሎን ነበር። ጥቂት ቆይቶ የዶማ ድምፅ ሰማን። ስትመለስ የቤቷን መዝጊያ በጀርባዋ አዝላ ነበር። ከነማጠፊያው ነቅላዋለች። እግሬ ሥር ጣለችው።

«ላዛሎ፣ ከጎን ሌላ ጉድጓድ ቆፍር። አሸዋው እንዳይናድብህ ግድግዳውን በዚህ ደግፈው።»

«ፋሌሲ፣ አንድ መዝጊያ ምን ያደርጋል?»

«እንግዲህ የአንተም ቤት በር አለው።»

ምን ልበላት? ፈርቼ ነበር፤ እውነቱ ይኼ ነው። ዚንዳባን ሲውጠው ያየሁት አሸዋ ከዓይኔ አልጠፋም። የእኔ ሚስት ዘሊፋ ግን ከሕዝቡ መሐል አየችኝ፤ ምላሷን አውቀዋለሁ።

«ከመቃብር የወጣውን ሰው ስም ተሸክመህ ጉድጓድ ትፈራለህ? ስምህን መልስና ሌላ ያውጡልህ!»

በዚያ ሰዓት ሰው ይስቃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሳቁ። እኔም ዶማዬን አነሳሁ። ዘሊፋ የራሳችንን መዝጊያ ልታመጣ ሮጠች። ከዚያ አንዷ ጎረቤት ተከተለቻት፣ ከዚያ ሌላዋ። ወዲያው የቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ክንፍ በር በአራት ሰው ሸክም መጣ፤ ከፊት የያዙት ዮታሙ ነበሩ። አለቃ ካሉዋም ልጆቻቸውን ጠርተው፣ «የእኔንም ቤት መዝጊያ ንቀሉት» አሉ። መንደሩ በሙሉ አፉን ከፍቶ አደረ።

በፈረቃ ቆፈርን። መዝጊያዎቹን አቁመን፣ በመካከላቸው የባሕር ዛፍ ግንድ እየወተርን፣ ቀስ እያልን ወረድን። እንጨቱ ይንጫረራል። አሸዋው በስንጥቁ መሐል እየተንሿሿ ይወርዳል። አንዱ መዝጊያ ወደ ውስጥ ሲጎብጥ የምንቆፍረው ሁሉ ትንፋሻችንን እንይዛለን። ከጎናችን ከተናደው ጉድጓድ አንድም ድምፅ አልመጣም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ደጋግሜ አዳመጥኩ። ምንም። ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ፋሌሲ፣ «ሰማህ?» አትለኝም። ውሃ ታቀብለኛለች፣ «በርታ» ትለኛለች። ያ ይከብደኝ ነበር። ብትጠይቀኝ ኖሮ፣ ምንም የለም ብያት እንተወው ነበር።

ጎህ ሲቀድ ከእኔ ጋር የሚቆፍረው ዚንዳባ አካፋውን ነክሮ አወጣና ጮኸ። «ውሃ!»

ከላይ አንዳንዶች እልል አሉ። እልልታው ግን መሐል ላይ ተቆረጠ። ስንጠብቀው የከረምነው ውሃ ከታች እየመጣ ነው፤ ማሳውሶም ከታች ነው። ቁርጭምጭሚቴን ሲነካኝ ቀዝቃዛ ነበር። ዚንዳባና እኔ ተያየን።

«እንውጣ፣» አለኝ በሹክሹክታ። «ውሃው የመዝጊያዎቹን ሥር ያጥበዋል። እንሞታለን።»

ወደ ላይ ቀና ስል የፋሌሲን ፊት አየሁ። ከአፋፉ ላይ በሆዷ ተኝታ ወደ ታች እያየችን ነበር። ሰምታናለች። የውሃውም ትርጉም ገብቷታል። ቆፍሩ አላለችንም። ዓይኗን ጨፈነች፣ «ያዝልኝ፣ ያዝልኝ» ስትል ብቻ ሰማሁ።

ዶማዬን ወደ ጎን፣ ወደ አሮጌው ጉድጓድ አዞርኩና ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁ። እርጥብ አሸዋ ነው፣ ይቆረጣል። መታሁ። ዚንዳባም ተሳድቦ መጣና ከጎኔ መታ። ድንገት ዶማዬ ሲሚንቶ መታና ደወለ።

ከወዲያ በኩል አንድ ነገር ሳለ።

ሳል ነው። የሰው ሳል። ዚንዳባ አካፋውን ጥሎ በጥፍሩ መቧጨር ጀመረ። ከቀለበቶቹ አንዱ ሲወድቅ ጠምሞ፣ ከግድግዳው ጋር ተነካክሶ ቀርቷል። ከሥሩ፣ ከእኛ እግር ዝቅ ብሎ፣ ሰው የሚያስቀምጥ ጠባብ ባዶ ቦታ ተርፏል። በሠራነው ቀዳዳ እጄን አስገባሁ። አንድ እጅ ያዘኝ። እንደ ዓሣ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ያዘኝ።

«ውሃው አገጬ ደርሷል» አለ ማሳውሶ። «ቶሎ በሉ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?»

እግሩ ከተሰበረ ቀለበት ሥር ተይዞ ነበር። ስናላቅቀው አጥንቱ ሲሰበር ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን እጄን አጥብቆ ያዘ እንጂ አልጮኸም። በገመድ አስረን አወጣነው። እኛ ከወጣን በኋላ መዝጊያዎቹ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ተጋደሙ፣ ውሃም ዋጣቸው። አለቃ ካሉዋ አቧራው ላይ ተቀምጠው እንደ ሕፃን ያለቅሱ ነበር። ዮታሙ የያዙትን መጽሐፍ ገለጡ፣ ዘጉት፣ የሚዘምሩት ጠፋቸው።

በበሬ ጋሪ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድነው። በሬዎቹን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ፋሌሲ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጠን ያለ የበቆሎ ገንፎ በጣቷ ታጎርሰዋለች።

«ውሃው ደረቴ ሲደርስ ተስፋ ቆረጥኩ፣» አላት። «ጌታ ሆይ፣ ነፍሴን ተቀበላት ብዬ ጨረስኩ። አንቺ በሕይወት መኖሬን በምን አወቅሽ?»

«አላወቅሁም።»

«ላዛሎ እኮ አንድም ጊዜ አልተጠራጠረችም አለኝ።»

«ላዛሎ ወሬ ይወዳል። ስላንተ ሌሊቱን ሙሉ ስጠራጠር ነው ያደርኩት። በጌታ ነው ያልተጠራጠርኩት። ሞተህ እንኳ ብትሆን ከእጁ እንደማትወጣ አውቅ ነበር። በል ዋጥ፣ አታውራ።»

ማሳውሶ ዋጠና ዓይኑን ጨፈነ። ደክሞት እንቅልፍ ወሰደው። ጥቂት እንደሄድን ዞር ብዬ አየኋት። መዳፏን አፍንጫው ሥር ይዛ ትንፋሹን እየፈተሸች ነበር፤ እንባዋም ይወርድ ነበር። «ምን ሆንሽ? ተኝቶ ነው እኮ» አልኳት። «አውቃለሁ፣ አንተ በሬዎቹን ንዳ» አለችኝ። ጤና ጣቢያው በር እስክንደርስ ድረስ ግን እጇን አላነሳችም።